የሴራሚክ ሻወር ሲያፈስ፦ ሲልኮን፣ መጋጠሚያ መሙላት ወይስ መስበር?

መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። ጠዋት ጀበና ጥጄ ሳለሁ ጠራችኝ። «ነይ እስቲ፣ ይሄን እዪልኝ» አለችና ወደ ላይ ጠቆመች። ከአልጋዋ ራስጌ በላይ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ ሰፌድ የሚያክል ክብ ወጥቷል። መሃሉ ግራጫ ነው፤ ጠርዙ ቀጭን ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ወንበር ላይ ወጥቼ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ልስኑ እንደ ረጠበ ዳቦ ገባ አለ። ጣቴን ሳነሳ ጎድጓዳው እዚያው ቀረ።

ከዚያ ክፍል በላይ ያለው ሻወራችን ነው። ቤቱ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለ ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ከተሠራ ቆይቷል። ድሬ ላይ ደግሞ ያለ ሻወር መኖር ከባድ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪን ሲያልፍ የቤቱ ሰው በቀን ሁለቴም ሦስቴም ይታጠባል። «ለጊዜው እንዝጋው» ብሎ መተው አይቻልም። እናቴን ወደ ሳሎን አዛወርናትና ባለሙያ ጠራን።

ሦስት ሰው መጣ፤ ሦስት ሐሳብ ሰማን። የመጀመሪያው ማዕዘኖቹን በጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገና «ይሄ ቀላል ነው፣ ዙሪያውን ሲልኮን ልሙላው» አለ። ሁለተኛው በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን መጋጠሚያ በቁልፍ ጫር ጫር አደረገው። «ይሄ አልቋል፤ ጠርገን በነጭ ሲሚንቶ እንሙላው» አለ። ሦስተኛው በሩ ላይ እንደቆመ ወሰነ። «አቦ ምን ያደክምሻል? ሁሉንም አፍርሰን እንደ አዲስ ነው» አለኝ።

የሦስቱ ዋጋ ሰማይና ምድር ነበር። ሦስቱም ግን አንድ ጆግ ውሃ እንኳ ሳያፈሱ ነው የወሰኑት። ይሄን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። ሦስቱም ሥራዎች ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ለእናንተ ቤት የትኛው እንደሚሆን የሚነግራችሁ ግን ከየት እንደሚያፈስ ማወቅ ነው። እሱን ለማወቅ ሁለት ሦስት ሌሊትና አንድ ጀሪካን ውሃ ይበቃል።

ከሴራሚኩ ሥር ምን አለ?

ብዙ ሰው ውሃውን የሚያቆመው ሴራሚኩ ይመስለዋል። ሴራሚኩ ራሱ ውሃ አያሳልፍም፣ እውነት ነው። በመሃሉ ያለው የሲሚንቶ መጋጠሚያ ግን ውሃ ይመጥጣል፤ አዲስ ሆኖም ይመጥጣል። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ሻወር ከሴራሚኩ ሥር ሌላ ውሃ የሚከለክል ንጣፍ አለው። ሴራሚኩ ልብስ ነው፣ ንጣፉ ቆዳ ነው ብላችሁ አስቡት። በብዙ ቤቶቻችን ግን ይሄ ቆዳ የለም። ሴራሚኩ በሲሚንቶና በአሸዋ በቀጥታ ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት) ላይ ተለጥፏል። መጋጠሚያው እስኪሰነጠቅ ድረስ ዓመታት ይቆያል፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ውሃው ቁልቁል መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ውሃ ከሻወር የሚያመልጥባቸው መንገዶች አራት ናቸው ማለት ይቻላል። በግድግዳው ውስጥ ያለው የውሃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ ቧንቧው፣ የወለሉ ሥር፣ እና የግድግዳው መጋጠሚያና ማዕዘን። የእያንዳንዱ ባህርይ ይለያያል። የውሃ ቧንቧ ከሆነ ማንም ባይታጠብም ያፈሳል፤ ኮርኒሱ ቀንም ሌሊትም እርጥብ ነው። የፍሳሽ ቧንቧ ከሆነ ከታጠቡ በኋላ ቶሎ ይታያል። የወለሉ ሥር ከሆነ ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚሰርግ ከታጠቡ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ግድግዳው ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ሲታጠብ ያፈሳል፣ ሌላው ሲታጠብ አያፈስም። የሁለቱ ቁመትና አቋቋም ስለሚለያይ ውሃው የሚመታው ቦታም ይለያያል።

ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ጨርሶ ከሻወሩ ያልመጣ ውሃ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውሃ የሚዘጋው ኳስ ተበላሽቶ ሌሊት ሲሞላ ይትረፈረፋል። ውሃው በግድግዳ ወርዶ ኮርኒስ ላይ ይወጣል። ሰው ሻወሩን ያፈርሳል፤ ነጠብጣቡ ግን ይመለሳል። ከሁሉም በፊት ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ጣሪያ ላይ ውጡና እዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እርጥበቱ መብራት፣ ሶኬት ወይም ቦይለር አጠገብ ከደረሰ የዚያን መስመር ብሬከር አጥፉ። ምርመራው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።

መፈተሻዎቹን ማወዳደር

ከቀላሉ ልጀምር፤ የሮቶ ሙከራ። በሌላ ከተማ ሰው ቆጣሪ እያየ ነው የሚያረጋግጠው። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ የሆነ ቦታ ያፈሳል። እኛ ጋ ግን ውሃ በፈረቃ ነው። መስመሩ ውስጥ ውሃ ከሌለ ቆጣሪው ቢቆም ምንም አይነግራችሁም። ከቆጣሪው በኋላ ሮቶ ካለም የሚለካው ወደ ሮቶው የገባውን ነው፤ ከሮቶው የወጣውን አይደለም። ስለዚህ ሮቶው ራሱ መለኪያ ይሁናችሁ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ታጥቦ ሲጨርስ፣ ከከተማው መስመር ወደ ሮቶው የሚገባውን ሳራቺኔስካ (የቧንቧ መዝጊያ) ዝጉ። አለበለዚያ ሌሊት ውሃ ቢመጣ ሙከራው ይበላሻል። ክዳኑን ከፍታችሁ በቀጭን እንጨት ጥልቀቱን ለኩ፤ እንጨቱ ላይ በቢላ ምልክት አድርጉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማንም ሽንት ቤት ሳይገባ እንደገና ለኩ። ከቀነሰ አንድ ቧንቧ ወይም የሽንት ቤቱ ታንክ ያፈሳል። በማግስቱ ማታ ወደ ሻወሩ የሚሄደውን መስመር ብቻ ዝጉና ድገሙት። አሁን ካልቀነሰ ጥፋተኛው የሻወሩ ቧንቧ ነው።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ትንሽ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ነው የሚገፋው፤ ሮቶው ከሻወሩ በላይ 3 ሜትር ቢሆን 0.3 ባር ብቻ ነው ማለት ነው። ትንሽ ቀዳዳ በዚህ ግፊት ጠብ ጠብ ብቻ ሊል ይችላል። በሰከንድ አንድ ጠብታ በ24 ሰዓት 86,400 ጠብታ ነው። ይሄ ከ4 ሊትር በላይ ነው፤ በትልቅ ሮቶ ውስጥ ግን በእንጨት አይለካም። ሮቶው ካልቀነሰና አሁንም ቧንቧውን ከጠረጠራችሁ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) እና የእጅ ፓምፕ ያለው የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ። የሻወሩን መስመር በሁለቱም ጫፍ ደፍኖ ግፊት ይሰጠዋል። መርፌው ለግማሽ ሰዓት ካልወረደ ቧንቧው ደህና ነው። ዋጋው ከአንድ ሴራሚክ ሰበራ ያንሳል። ማኖሜትር የሌለው ሰው «ቧንቧው ነው» ብሎ ግድግዳ እንዲቆፍር አትፍቀዱ።

ሁለተኛው የፍሳሽ ሙከራ ነው። ወለሉን ሳታርሱ፣ ጎማ ቱቦ በፍሳሹ አፍ ውስጥ አስገቡና አንድ ባልዲ ውሃ በቱቦው ልቀቁ። ውሃው ሴራሚኩን አይነካም፤ የሚነካው የፍሳሹን ቧንቧ ብቻ ነው። እኛ ቀይ ሥር ቀቅለን ውሃውን ቀላቀልንበት። ከታች ቀይ ነገር ከወጣ ክርክር የለም። ቀይ ሥሩ ግን መጋጠሚያው ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ፣ ያቀልማል።

ሦስተኛው የወለል ሙከራ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚናገረው ይሄ ነው። የፍሳሹን አፍ በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ድፈኑት። ወለሉ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ አስተኙ። 90 በ90 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሻወር አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ደፍ ከሌለው ጨርቅ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጊዜያዊ ግድብ አድርጉ። የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩና 24 ሰዓት ጠብቁ።

የድሬ ሙቀት ግን ይሄን ሙከራ ያሳስታል። ምንም ቀዳዳ ባይኖር እንኳ ውሃው ይተናል። ስለዚህ አጠገቡ አንድ ሳፋ አስቀምጡ፤ ተመሳሳይ ጥልቀት ያለው ውሃ ጨምሩበትና እሱንም አስምሩ። ሳፋው ላይ የቀነሰው ትነት ነው። ወለሉ ላይ ከዚያ በላይ የቀነሰው የሰረገው ነው። እኛ ቤት ሳፋው ግማሽ ጣት ያህል ቀነሰ። ወለሉ ላይ የነበረው ውሃ ግን ጠዋት ስናየው አንዱ ጥግ ላይ ሴራሚኩ ደርቆ ታይቶ ነበር። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን መስመሮች አስተያየችና «በቃ፣ ሌባው ተያዘ» አለች።

የመጨረሻው የግድግዳ ሙከራ ነው። ወለሉ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው ትርጉም ያለው፤ ምክንያቱም ግድግዳ ላይ የረጨችሁት ሁሉ ወለል ላይ ይወርዳል። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ አንዱን ቦታ 15 ደቂቃ እያጠጣችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማዕዘኑ ነው። ሁለተኛው ሚክሰሩ ግድግዳውን የሚበሳበት ክብ ሽፋን ነው። ከኋላው ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ ውሃ በሽፋኑ ጀርባ ገብቶ በብሎኬቱ ውስጥ ይወርዳል። የሽፋኑን የላይኛውን ግማሽ በሲልኮን ዝጉ፤ ታቹን ክፍት ተዉት፣ የገባው እንዲወጣ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አንዳንድ ቤት ችግሩ በዚሁ ያልቃል።

ቧንቧው ከሆነ፦ ቆፍሮ መቀየር ወይስ በውጭ ማዞር?

ቆፍሮ መቀየር ዓይን አያስቀይምም። ቆፈራው ግን ከየት በኩል እንደሆነ ሒሳቡን ይለውጣል። ከሻወሩ ጀርባ ያለው ክፍል መኝታ ቤት ወይም ኮሪደር ከሆነ ከዚያ በኩል አስቆፍሩ። የተቆፈረ ልስን በሲሚንቶና በቀለም ይድናል። የተሰበረ የድሮ ሴራሚክ ግን አቻው ከሱቅ አይገኝም፤ ከዚራም መጋላም ብትዞሩ ሞዴሉ ቀርቷል ይሏችኋል።

በውጭ ማዞር ማለት የድሮውን መስመር በሁለቱም ጫፍ ደፍኖ ገድሎ፣ አዲስ ቧንቧ ሴራሚኩ ላይ በማያያዣ ማሳለፍ ነው። መልኩ አያምርም። ግን በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ሴራሚክ አይነካም፣ ነገ ቢያንጠባጥብም በዓይን ይታያል። ለኪራይ ቤት እኔ ይሄን እመርጣለሁ። ድሬ ላይ ብዙ ሻወር ቀዝቃዛ መስመር ብቻ ስላለው አንድ ቧንቧ ነው የሚዞረው። የእኛ ሮቶ ከሰዓት በኋላ ያለ ቦይለርም ያሞቃል።

የብረት ቧንቧ ከሆነና አንድ ቦታ ከዛገ፣ እሱን ብቻ ጠግኖ መተው ገንዘብ መጣል ነው። የአካባቢያችን ውሃ ካልሲየም ይበዛዋል። ከጀበናው ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት የምታውቁት ነው። ያው ቅርፊት በብረቱ ውስጥ ተጋግሮ ቧንቧውን ያጠበዋል፤ ዝገቱ ደግሞ ከጎን ይበላዋል። ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቀይሩት። ፒፒአር የሚበየደው በ260 ዲግሪ ነው። ሠራተኛው ማሽኑ ሳይግል ከቸኮለ ጎሚቶው (ማጠፊያው) ላይ ከወራት በኋላ ይከፈታል። ብየዳ ሲጀምር አጠገቡ ቁሙና የማሽኑን መብራት እዩ። ፒፒአር ፀሐይ ላይ ውሎ ካደረ ደግሞ ስለሚሰባበር ከሮቶ የሚወርደውን ሸፍኑት።

ሲልኮን ወይስ መሙያ?

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንዱን በሌላው ቦታ ስለሚጠቀም ነው። ግድግዳ ከግድግዳ፣ ግድግዳ ከወለል በሚገናኝበት ጥግ ሁለቱ በሙቀትና በክብደት ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ደረቅ ሲሚንቶ እዚያ ቦታ ሁሌም ይሰነጠቃል። ጥግ የሲልኮን ቦታ ነው። በአንድ ግድግዳ ላይ በሴራሚኮች መሃል ያለው ደግሞ የመሙያ ቦታ ነው። እዚያ ሲልኮን ከቀባችሁ ይላጣል፣ ሻጋታ ይይዛል።

ሲልኮን ርካሽ ነው፣ ማንም ሊሠራው ይችላል፤ ግን በአሮጌ ሲልኮን ላይ አዲስ አይጣበቅም። የድሮውን በምላጭ እስከ መጨረሻው ማንሳት ግዴታ ነው። ከዚያ ሻወሩ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ሲልኮን ስትገዙ ኮምጣጤ የሚሸተው እብነ በረድና ብረት ላይ ጥሩ አይደለም። ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የተሠራውን፣ ሻጋታ የሚከላከለውን ጠይቁ። ከተቀባ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። እኛ ቤት ይሄን 24 ሰዓት ማስከበር ከሥራው በላይ ከብዶ ነበር፤ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍን።

መሙያው ሦስት ዓይነት ነው። ነጭ ሲሚንቶ በጣም ርካሹ ነው። ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ዱቄት ይሆናል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። ለሻወር አልመክርም። በከረጢት የሚሸጠው ግራውት ማጣበቂያ ስላለበት የተሻለ ይይዛል፤ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ኢፖክሲ የሚባለው ውሃ አይመጥም፣ አሲድም አይበላውም። ግን ውድ ነው፤ ሙቀት ላይ ደግሞ እጅ ላይ እያለ ይደርቃል። ኢፖክሲ ከመረጣችሁ ጠዋት በማለዳ፣ በትንሽ በትንሹ እየበጠበጠ የሚሠራ ልምድ ያለው ሰው ያስፈልጋል።

የትኛውንም ብትመርጡ አሮጌው ላይ መቀባት ዋጋ የለውም። ከሴራሚኩ ውፍረት ሁለት ሦስተኛው ድረስ ተፍቆ መውጣት አለበት። የሲሚንቶ መሙያ ከሆነ መጀመሪያ ቦታውን በውሃ አርጥቡት፤ ሲጨርስ በላስቲክ ሸፍኑትና ለሁለት ቀን ርጥበቱን ጠብቁለት። የእኛ አየር ሲሚንቶን ከመጠንከሩ በፊት ያደርቀዋል። አብዛኛው ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

መሙያውን ማን በላው ብላችሁ ስታስቡ ማጽጃውን አትርሱ። የካልሲየሙን ነጭ ለማስለቀቅ ብዙ ቤት አሲድ ይደፋል። አሲድ ካልሲየሙን ሲያሟሟ ሲሚንቶውንም አብሮ ይበላል። የሻወሩን ራስ ፈትታችሁ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፉ፤ ግድግዳውን በብሩሽና በሳሙና እሹት። አሲድና በረኪና ደግሞ ፈጽሞ አንድ ላይ አይደፉ። የሚወጣው ጋዝ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰው ሊገድል ይችላል።

«ሴራሚኩ ላይ የሚቀባ፣ ውሃ የሚከለክል» እየተባለ የሚሸጥ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽም አለ። ደህና መጋጠሚያ ውሃ እንዳይመጥ ያግዛል። ስንጥቅ አይደፍንም። የወለል ሙከራውን የወደቀ ቤት ላይ እሱን መቀባት ለኮርኒሱ ምንም አይረዳውም።

መስበር ከሆነ፦ ወለሉን ብቻ ወይስ ሁሉንም?

ሦስተኛው ባለሙያ በግማሽ ልክ ነበር። የእኛ ወለል መሰበር ነበረበት። ግድግዳው ግን አልነበረበትም። ይሄን ያወቅነው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የውሃ ሙከራው ነው። ሁለተኛው ሳንቲም ነው። በሳንቲም ሴራሚኩን መታ መታ ስታደርጉ ሞልቶ የተለጠፈው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ሥሩ ባዶ የሆነው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮሃል። ግድግዳችን ድፍን ነበር። ወለሉ ግማሹ ይጮህ ነበር።

ግድግዳውም በብዙ ቦታ የሚጮህ፣ በእጅ ሲገፉት የሚነቃነቅ፣ ከጀርባው ልስኑ የሚረግፍ ከሆነ ሁሉንም ማፍረስ ይሻላል። ወለሉን ብቻ ሠርታችሁ በዓመቱ ግድግዳውን ማፍረስ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ግድግዳው ደህና ከሆነ ግን ወለሉንና ከግድግዳው የታችኛውን አንድ ረድፍ አንሱ። ያ ረድፍ የግድ ነው። አዲሱ ንጣፍ ወለሉ ላይ ብቻ ካለቀ ውሃው በጠርዙ ይገባል፤ ግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። የሴራሚኩ አቻ ስለማይገኝ ሌላ ቀለም ምረጡ። እኛ ነጩ ላይ ጥቁር ግራጫ አደረግን፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ወለሉ ሲከፈት ያየሁትን አልረሳም። ልጁ በመሮ የመጀመሪያውን ሴራሚክ ፈነቀለ። ሥሩ አምስት ጉብታ ሲሚንቶ ብቻ ነበረ፤ አራቱ በየጥጉ፣ አንዱ መሃል። በመሃላቸው ያለው ባዶ ቦታ በውሃ ተሞልቷል። ውሃው ጥቁር ነው፣ ይሸታል። ለዓመታት ስንታጠብ እግራችን ሥር ኩሬ ነበረ ማለት ነው። የፍሳሹ ቧንቧ ሶሌታውን የበሳበት ዙሪያ ደግሞ በሲሚንቶ ብቻ ተደፍኖ፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። ያን ጊዜ ሲልኮንና ነጭ ሲሚንቶ ቢሠራ ኖሮ ኩሬውን ከላይ መክደን ነበር።

አሁን ንጣፉን እናወዳድር። በእሳት የሚለጠፈው የሬንጅ ጥቅል ለጠፍጣፋ ጣሪያ ደህና ነው። በአንድ ሜትር ሻወር ውስጥ ግን ብዙ ጥግና ማጠፊያ አለ፤ በጠባብ ክፍል እሳት መያዝም ያሰጋል። ሴራሚክም በቀጥታ አይጣበቅበትም፤ ላዩ ላይ ሌላ የሲሚንቶ ንጣፍ ስለሚጠይቅ ወለሉ ከፍ ይላል። በብሩሽ የሚቀባው ባለ ሁለት ክፍል የሲሚንቶ ንጣፍ፣ ማለትም ዱቄቱና ፈሳሹ ለየብቻ ተሽጠው የሚደባለቁት፣ ለሻወር ይመቻል። ጥጎቹ ላይ የመረብ ጨርቅ ይቀበርበታል። ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ አንዱ በቁመት፣ ሁለተኛው በአግድም፣ እንዳያመልጥ። ሴራሚኩ በቀጥታ ላዩ ላይ ይለጠፋል። እኛ ይሄን መረጥን።

ከቅቡ በፊት ተዳፋቱ ይስተካከል፤ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ። ብዙ ሠራተኛ ተዳፋቱን የሚሰጠው ከላይ ሴራሚኩ ላይ ብቻ ነው። ከሥር ያለው ንጣፍ ሜዳ ከሆነ የሰረገው ውሃ መውጫ የለውም።

ከሠራተኛው ጋር ስትዋዋሉ ሁለት ነገር ቀድማችሁ ተናገሩ። አንደኛ፣ ቅቡ ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ፣ ውሃ ተኝቶበት 24 ሰዓት ይፈተሻል። የእኛው ልጅ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። «እኔን አላመንሽም?» አለኝ። «አንተን አምናለሁ፣ ሶሌታውን ነው የማላምነው» አልኩት። ሳቀና ራሱ ባልዲውን ተሸክሞ መጣ። ሁለተኛ፣ ሴራሚኩ ሥር ሙሉ ማጣበቂያ በጥርስ ባለው ማንጠፊያ ይቀባል፤ አምስት ጉብታ የለም። የመጨረሻው ክፍያ ከሁለቱ በኋላ ይሁን።

በአሮጌው ሴራሚክ ላይ አዲስ ሴራሚክ መደረብም እንደ አማራጭ ይቀርባል። ወለሉ ድፍን ከሆነና በመሃል ውሃ ከልካይ ቅብ ከገባ ሊሆን ይችላል። ሥሩ ባዶና እርጥብ ከሆነ ግን እርጥበቱን ማሸግ ነው፤ ደፉም ያጥራል። እኔ አላደርገውም።

ሐረር ላሉት

ሐረር አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ሲሚንቶ በእርጋታ ይጠነክራል፤ ያ ጥሩ ነው። እርጥብ ግድግዳ ግን ቶሎ አይደርቅም፤ ቦይለርም ስላለ ሁለት መስመር መፈተሽ አለባችሁ። ጁገል ውስጥ ያለ የድሮ ቤት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ውሃ የገባበት ጭቃ ይላላል። እዚያ ሴራሚክ ሰብሮ ቧንቧ መፈለግ ግድግዳውን ማናጋት ነው። መስመሩን በውጭ አዙሩ፤ ከተቻለም ሻወሩን ከድሮው ግድግዳ ለይታችሁ ግቢ ውስጥ በብሎኬት ሥሩ። ጁገል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ከመንካታችሁ በፊት የቅርስ ቢሮውን ጠይቁ።

ኮርኒሱስ?

ሻወሩ እንደተሠራ ወዲያው ቀለም ለመቀባት አትቸኩሉ። ሶሌታው የጠጣው ውሃ ገና አልወጣም፤ ቀለሙ ይላጣል። የላላውን ልስን ፍቁና ክፍት ተዉት። ብረት ከታየና ዝገቱ እየተቀረፈ ከወደቀ መሐንዲስ ይየው። ያለዚያ ግን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ኮርኒሱ ላይ በፕላስተር ዙሪያውን ለጥፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከውስጥ ጤዛ ከያዘ እርጥበት አለ።

እኛ በየሳምንቱ አርብ ማታ እየለጠፍን ቅዳሜ ጠዋት እናይ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ላብ የመሰለ ጤዛ ነበረው። ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ብቻ። በአራተኛው ቅዳሜ እናቴ ቀድማኝ ወንበር ላይ ወጥታ ላስቲኩን በእጇ ዳበሰችው። ደረቅ ነበር። ቀለሙን ሰኞ ቀባን፤ አልጋዋ ረቡዕ ወደ ቦታው ተመለሰ።